ለቅሶውን ቀነስ አድርጊው

ግንቦት 6 ቀን፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ
ከቢሮዬ

ሚጣዬ፣ የእኔ ልጅ፣

ፖስታውን ስታዪ ልብሽ ክው እንዳይል ቀድሜ ልንገርሽ፤ ሁላችንም ደህና ነን። የታመመም የተጣላም የለም። አባትሽ ጉልበቱን ከማማረር በቀር ጤነኛ ነው። ሐኪሙ ደረጃ አትውጣ ስላለው አሁን ከታች ሆኖ እየተጣራ ሁላችንንም በደረጃው ያመላልሰናል። ወንድምሽ አንቺ ክፍል ገብቷል። "ለጊዜው ነው" ይላል፤ ግን ግድግዳውን ቀለም ቀብቶታል። ለጊዜው ብሎ ቀለም የሚቀባ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? መጻሕፍትሽን ወደ እኔ መኝታ ቤት አዛውሬያቸዋለሁ፤ አታስቢ።

ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪ፤ በስልክ ስለማልችል ነው። ባለፈው እሑድ ስትደውዪ "እማ፣ ያ ስትለፊበት የነበረው ፈተና እንዴት ሆነ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። "አሪፍ ነበር፣ ሁሉም አደነቀው" አልኩሽና ወዲያው የአባትሽን ጉልበት አነሣሁ። ያን ያህል የሚወራለት ጉልበት እኮ አይደለም። ዋሽቼሽ ነው ያመለጥኩት። አሁንም ብደውል ድምፅሽን ስሰማ መልሼ እሸሻለሁ። ወረቀት ይሻለኛል፤ ቢያንስ መልሶ አይጠይቀኝም።

የሆነውን ከሐሙስ በፊት ለአንድ ሰው መናገር አለብኝ። ሐሙስ ጠዋት በዩኒቨርሲቲው አመራርና ከውጭ በሚመጡት ገምጋሚዎች ፊት ቆሜ የፈተናውን ውጤት አቀርባለሁ። እዚያ የምናገረው እውነቱን ይሁን ወይስ በወረቀት የተዘጋጀውን፣ ይህን እየጻፍኩልሽ እንኳ ቁርጡን አላወቅሁም።

የእኛን ሥራ ታውቂዋለሽ፤ ጠረጴዛዬ ሥር ስትጫወቺ ነው ያደግሽው። ዶርሙ፣ ክበባቱ፣ ምክሩ፣ የአዲስ ተማሪ አቀባበሉ፣ በአጭሩ ተማሪ ከክፍል ሲወጣ የሚኖረው ኑሮ ሁሉ እኛ ዘንድ ነው። መምህራኑ "እናንተማ አልጋና ቁልፍ አዳዮች ናችሁ" እያሉ ሲቀልዱብን ስንት ዘመን ስቄ አሳለፍኩ። እና ገምጋሚዎቹ መጀመሪያ የመጡ ጊዜ "ተማሪዎች ከእናንተ ፕሮግራም ምን ይማራሉ? መማራቸውን በምን ታውቃላችሁ?" ብለው ሲጠይቁኝ ሌላው ተጨነቀ፣ እኔ ግን ደስ አለኝ። ሥራዬን ሥራ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ተገኘ ብዬ ነው። መጠይቆቻችንን ቁልል አድርጌ አመጣሁላቸው። "በሥልጠናው ረክተሃል?" ይላል መጠይቁ። "በጣም ረክቻለሁ" ይላል ተማሪው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሞላው፤ ሻይና ብስኩት እየቀረበለት የማይረካ ማን አለ? ከገምጋሚዎቹ አንዱ፣ ራሱን የተላጨ ዝምተኛ ሰውዬ፣ ወረቀቱን አገላብጦ አገላብጦ "መርካታቸውን አየሁ። መማራቸውስ?" አለኝ። መጠይቆቼን መልሼ ሰበሰብኩ።

ያ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። እልኸኛ መሆኔን ታውቂያለሽ። በእያንዳንዱ ፎቅ አንድ የዶርም ተጠሪ አለን፤ ከፍ ያለ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ነው፣ ሰው ችግሩን የሚነግረው መጀመሪያ ለእሱ ነው፤ በምላሹ የብቻ ክፍል ይሰጠዋል። ወሰነ ትምህርቱን ሙሉ እናሠለጥናቸዋለን። ተቀመጥኩና አንድ ተጠሪ ከሥልጠናችን ሲወጣ ምን መቻል አለበት የሚለውን ጻፍኩ። የመጣበትን ሰው ሳያቋርጥ ይሰማል። ጭንቀቱን አያቃልልም። ወደሚረዳው ክፍል ያመላክታል። የሰማውን ምስጢር ይጠብቃል። ይህን ደግሞ በመጠይቅ አልለካም አልኩ። በተግባር ነው የምለካው። ከቲያትር ክበብ ተማሪዎች እናመጣለን፣ ችግር የገጠመው ተማሪ ሆነው ያንኳኳሉ፣ ተጠሪው ይቀበላቸዋል፤ እኛ ፈታኞቹ ጥግ ላይ ተቀምጠን ነጥብ እንሰጣለን። የችግሩን ታሪክ ራሴ ጻፍኩት። አንደኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች፤ ክፍል ትገባለች እንጂ ምንም አይገባትም፤ ቤተሰቧ ገና ካሁኑ "ዶክተራችን" እያለ ስለሚጠራት ወደ ቤት መደወል ታፍራለች። ጽፌ ስጨርስ ራሴን አደነቅሁ፤ ልዋሽሽ አልችልም።

ለአባትሽ ባነብለት "አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" አለኝ። የጉልበቱ ሕመም ነው የሚያናግረው ብዬ ሳቅሁበት።

አሁን ስለ ሬዲዮ ልንገርሽ፤ የሚጫወተው ሬዲዮ አይደለም፣ ልጁ ነው። ከተጠሪዎቻችን አንዱ ነው፣ ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው፤ ማጥፊያው የት እንዳለ ማንም ስለማያውቅ። እኔ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር የሚጨርሰው እሱ ነው። "ሰው ሲናገር አታቋርጡ" የሚለውን ትምህርት ራሱን ደጋግሞ አቋርጦኛል። ላሰናብተው አስቤ ምክትሌ ናት "ተዪው ባክሽ፣ ፎቁ ላይ ቢያንስ ሰው አይሰለችም" ያለችኝ። ፈተናው ሲቀርብ በሆዴ "አሁን አንተን አያድርገኝ" ብዬው ነበር። አየሽ፣ ገና ሳይፈተን ነጥቡን ሰጥቼዋለሁ።

ለፈተናው ጸጥ ያለ ክፍል አጣንና የምክር አገልግሎቱን ክፍል ተዋስን። አማካሪዋ ዕረፍት ላይ ነበረች። መደርደሪያውን ጎትተን ጥጉን በግማሽ ከለልነው፣ ከኋላው እኔና ምክትሌ ከሥነ ልቦና መምህሩ ጋር ተቀመጥን። ነጥብ መስጫው ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ሰዓት ሲሞላ የምደውላት ትንሽ ደወል፣ ሁሉም ተሟላ። አንድ ነገር ብቻ አልተደረገም። በሩ ላይ ያለውን "የምክር አገልግሎት፣ ሳታመነቱ ግቡ" የሚለውን ሰሌዳ ማንም አላወረደውም። ሰሌዳውን ያጻፍኩትም የሰቀልኩትም እኔ ነኝ።

ጠዋቱን ሁሉ በጥሩ ሁኔታ ሄደ። ተጠሪዎቹ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ተዋንያኑ እየገቡ ያለቅሳሉ፣ ተጠሪዎቹ "ስሜትሽ ይገባኛል" ይላሉ፣ እኛ ምልክት እናደርጋለን። አንዳንዱ ተጠሪ እንደ መዝሙር ነው ያጠናው። ቢሆንም ነጥቡ ሰማይ ነካ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ያ የተላጨ ሰውዬ አሁን ይምጣ እል ነበር።

የሬዲዮ ተራ ሲደርስ ከሦስቱ ተዋንያን አንዷ አልመጣችም ነበር። ይህን እኛ ከውስጥ አናውቅም፤ ተዋንያኑን የመረጣቸውም ክበቡ ነው፣ እኛ በመልክ አናውቃቸውም። አንዲት ልጅ ግን አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሰሌዳውን አንብባ፣ ወረፋ መስሏት፣ ከተጠሪዎቹ ጋር ተሰልፋ ተራዋን ስትጠብቅ ነው የዋለችው። ጸሐፊዬ ተዋናይቷን በመልክ አታውቃትም። "ነይ ግቢ፣ አንቺን ነው የሚጠብቁት" አለቻት።

ሚጣዬ፣ እዚህ ጋ ስደርስ እስክሪብቶውን አስቀምጬ መስኮቱ ዘንድ ሄጄ ተመለስኩ።

ልጅቷ ገባች። የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ጨብጣዋለች፤ ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም፣ ስለዚህ እኛን አላየችም። ሬዲዮ ተነሥቶ ተቀበላት፣ ወንበር ሰጣት፣ ያጠናውንም ጀመረ። እሷም መናገር ጀመረች። የተናገረችውን አልጽፍልሽም፤ የእሷ ነው። እኔ ከጻፍኩት ታሪክ ጋር በጣም ይቀራረብ እንደ ነበር ብቻ ልንገርሽ፤ ያልነቃሁትም ለዚያ ነው። በመካከል እኔ ያልጻፍኩትን አንድ ነገር ጨመረች። "ከራሷ ፈጠረች፣ ጎበዝ" ብዬ ለምክትሌ በሹክሹክታ ተናገርኩ። ከዚያ አለቀሰች። ቲያትር ላይ እንደሚለቀሰው አልነበረም። አፍንጫዋ ፈሰሰ፣ ትንፋሿ ተቆራረጠ፣ ቃሉ ሁሉ ተበላሸ። እኔ ወረቀቴ ላይ "ለቅሶው ተጋኗል" ብዬ ጻፍኩ።

ሬዲዮ ዝም አለ። ያ ልጅ፣ ማጥፊያ የሌለው ልጅ፣ ጸጥ አለ። ወንበሩን ከጠረጴዛው ማዶ አነሣና አጠገቧ አድርጎ ተቀመጠ፤ በትልቅ ጀርባውም ከእኛ ከለላት። አልነካትም፣ አልመከራትም፣ ወደየት እንደምትሄድም አላመላከታትም። አንድ ጊዜ ብቻ ዞሮ ወደ እኔ አየ። በዓይኑ እየለመነኝ ነበር። እኔ የጠፋበት መሰለኝና በጣቴ "ቀጥል፣ ቀጥል" አልኩት። ወረቀቴ ላይ ደግሞ ምን ብጽፍ ጥሩ ነው? "ደነገጠ፤ ዝም አለ፤ ለፈታኞች ጀርባውን ሰጠ።" ከተፈተኑት ሁሉ ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጠሁት።

ሰዓቱ ሞላና ደወሉን ደወልኩ። ልጅቷ ቀና ብላ ጥጉን ያየችው ያኔ ነው። ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ወረቀት፣ ሦስት እስክሪብቶ። እኔ ፈገግ ብዬ፣ የእናት ድምፅ በሚመስለው ድምፄ፣ እንዲህ አልኳት፦

"ጎበዝ ነሽ የእኔ ልጅ። ለሚቀጥለው ተጠሪ ግን ለቅሶውን ቀነስ አድርጊው፤ ይበዛል።"

"እሺ" አለችኝ። ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና ወጣች። እሺ ብቻ።

ሬዲዮ "ማዘር፣ ይቺ ልጅ እኮ..." ብሎ ጀመረ። ተማሪዎቹ ከኋላዬ "ማዘር" እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ፊት ለፊቴ ያለኝ ግን የለም። ድፍረት መሰለኝ። "እዚህ ክርክር የለም፤ ቀጣዩን ጥራ" ብዬ አስወጣሁት። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተበረገደና አንዲት ልጅ እያለከለከች ገባች። ቤተ ሙከራ ፈተና ነበረብኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ተራዬ አለፈ ወይ ትላለች። የቲያትር ክበቡ ልጅ ናት። የሥነ ልቦና መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። ምክትሌ እኔን ታያለች፣ እኔ በሩን አያለሁ። ሮጬ ኮሪደር ስወጣ አግዳሚው ላይ የቀሩት ተጠሪዎች ብቻ ነበሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። የባሰው ግን ገና ነበር።

በማግሥቱ ሬዲዮን አስጠራሁት። ደረጃው ላይ ደርሶባት አብሯት እንደ ሄደ ጸሐፊዬ አይታ ነበር። ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም።

"የልጅቷን ስም ንገረኝ" አልኩት።

"አልነግርዎትም።"

"ልረዳት ነው እኮ የምፈልጋት።"

"ይገባኛል። ለማንም አልናገርም ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። ምስጢር ጠብቁ ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።"

ለሕይወቷ የሚያሰጋ ከሆነ ምስጢር የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ይህንንም እንዳስተማርኩት አስታወስኩት። እሱንም እንደ ጠየቃት፣ እንደዚያ እንዳልሆነ፣ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ቀን ይዟት ይመጣ እንደ ነበር ነገረኝ። አሁን ብቻዋን እንዳልሆነችም ነገረኝ፤ የሴቶች ዶርም ተጠሪዋ አብራት ታድራለች። ሚጣዬ፣ ያሠለጠንኩትን ሁሉ፣ አንድ ሳያስቀር፣ ፊቴ ቆሞ እየሠራው ነበር። አቅፌ ልስመው ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ማፈሬን ቁጣ አደረግሁት። "እንግዲያው ለእኔ ካልታዘዝክ ተጠሪ አይደለህም፤ ቁልፉን አስረክብ" አልኩት። ቁልፉን ከማንጠልጠያው ለማውጣት ጥፍሩ እየተንሸራተተ ብዙ ታገለ። እኔም ቁጭ ብዬ አየሁት። ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው፣ ደህና ይዋሉ ብሎኝ ወጣ። አሁን ጓደኞቹ ዘንድ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ነው የሚያድረው አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነብኝ። የሐሙሱ ጉባኤ እስኪያልፍ ብዬ ዝም አልኩ። የሥነ ልቦና መምህሩም "ዝም አይነቅዝም፣ ምን አስቸኮለሽ" ብሎ አበረታታኝ። ውጤቱን አስቀድሜ ለገምጋሚዎቹ ልኬ ነበርና ከሁሉ የበለጠ ምን እንደ ወደዱ ታውቂያለሽ? የሬዲዮን ዝቅተኛ ነጥብ። "ሁሉም የሚያልፍበት ፈተና ፈተና አይደለም፤ የናንተ ግን ያልተማረውን ለይቶ አውጥቷል" ብለው ጻፉልኝ። ሐሙስ ስለ እሱ በተለይ እንዳስረዳ ጠይቀውኛል። ያን ልጅ ያልተማረ ብዬ በትልቅ ስክሪን ላይ ላሳየው ነው።

ጸሐፊዬ ጠራችኝ። በኋላ እቀጥላለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከቤት

ደብዳቤውን ማክሰኞ ልልከው አስቤ ፈራሁና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አሁን የቀረውን ልጨርስልሽ።

ሐሙስ ተናገርኩ። ጀግንነት እንዳይመስልሽ፤ አፌን የከፈትኩት የተዘጋጀውን ላነብ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል፣ ፕሬዚዳንቱ ከፊት ነው፣ ተጠሪዎቹም ተጋብዘዋል። ሬዲዮም ሳይጠራ መጥቶ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ነጥቦቹ ስክሪኑ ላይ ወጡ፣ ሰው አጨበጨበ፣ እኔም "ዝቅተኛውን ነጥብ ያመጣው ተጠሪ..." ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ዓረፍተ ነገር አልወጣ አለኝ። ድምፅ ማጉያው ትንፋሼን ለአዳራሹ ሁሉ ያሰማል። ምክትሌ ውኃ አመጣችልኝ። ጠጣሁና፣ ዝቅተኛውን ነጥብ ያመጣው ተጠሪ ከሁላችንም በላይ የተማረው እሱ መሆኑን፣ ያልተማርኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ ሰሌዳውን፣ ደወሉን፣ ለልጅቷ ያልኳትን፣ ቁልፉን መቀማቴንም። የልጅቷን ነገር የትኛዋ እንደሆነች ሰው እንዳይገምት ሸፋፍኜ ነው የተናገርኩት።

 ፕሬዚዳንቱ ጉሮሮውን ጠራረገና እንዲህ ያለው ነገር በውስጥ ቢታይ ኖሮ ይሻል እንደ ነበር ተናገረ። አንዲት ሴትዮ ከኋላ በኩል ሳቋን መያዝ አቅቷት ስትንፈቀፈቅ ሰማኋት፤ አልፈርድባትም፣ ሌላ ሰው ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። የተላጨው ሰውዬ ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። እጁን አወጣና ጠየቀኝ።

"ልጅቷስ አሁን እንዴት ናት?"

"አላውቅም" አልኩት። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አፍሬያለሁ፤ እንደዚያች "አላውቅም" ያሳፈረችኝ የለችም። ስንት ወር ሙሉ ተማሪ ምን ተማረ ብዬ ስለካ፣ አንዲት ተማሪ እንዴት እንዳደረች አላውቅም።

ስወርድ ሬዲዮን ደጅ ላይ አገኘሁት። ቁልፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት፣ ይቅርታም ጠየቅሁት። ቁልፉን አገላብጦ አየና ማንጠልጠያው ላይ መለሰው። በኋላ፣ ያልኩትን ለልጅቷ እንደሚነግራት፣ የምትመጣ ከሆነ ግን ያለ ወረቀት፣ ብቻችንን እንድንሆን ነገረኝ። እሺ አልኩት። አሁን አዛዡ እሱ ነው።

ትናንት ከምሳ በኋላ መጣች። ቢሮዬ ውስጥ ያለውን ወረቀት ሁሉ አንሥቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ነበር። ለቀጠሮ እንደ መጣ ሰው ተስተካክላ ተቀመጠች። ጸጉሯን ተሠርታለች። ይቅርታ ስጠይቃት "ችግር የለም፣ አላወቁም" አለችኝ። ከዚያ ለሬዲዮ የነገረችውን፣ ያን ቀን ያስለቀሳትን ነገር፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችኝ። አላለቀሰችም። ልክ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደምታስረዳ፣ በተራ በተራ፣ በተስተካከለ ድምፅ። እንባዬን መያዝ ያልቻልኩት እኔ ነኝ። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ብቻ፣ ያን እኔ ያልጻፍኩትንና ከራሷ የፈጠረች የመሰለኝን ነገር ስትናገር፣ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ወዲያው አቆመች። ዋጥ አደረገችውና ቀና ብላ አየችኝ።

"ይቅርታ፣ አበዛሁት እንዴ?" አለችኝ።

አስቢው ልጄ። በዚያ ሁሉ ሥልጠና ያስተማርኩት ይያዝ አይያዝ ስጨነቅ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ያስተማርኳት ግን አጥንቷ ድረስ ገብቷል። የትኛውም ፕሮግራሜ እንዲህ ያለ ውጤት አምጥቶ አያውቅም። አላበዛሽም፣ ኧረ ገና አልጀመርሽም ብያት እጇን ያዝኩ፤ እሷ ግን ያንን ከእኔ አትቀበልም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ይህን ወሰነ ትምህርት አቋርጣ በሚቀጥለው ዓመት እንድትመለስ ጉዳይዋን ራሴ በየቢሮው ዞሬ አስጨርሻለሁ። ለቤተሰቧ ስትደውልም አጠገቧ ሬዲዮ እንዲሆን ፈልጋለች፤ እኔን አይደለም። ትመለስ አትመለስ እንጃ። ብትመለስ ደስታዬ ነው፣ ባትመለስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ አባትሽ ጉልበቱን በፋሻ ሲጠቀልል አጠገቡ ተቀምጬ አንድ ነገር ጠየቅሁት። ሚጣ ስልክ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ያለቀሰችው መቼ ነው አልኩት። ፋሻውን ይዞ አሰበ፣ አሰበና፣ "ኧረ እሷ! የሄደች ሰሞን ነዋ። ከዚያች ቀን ወዲህማ አንድም ቀን አልቅሳ አታውቅ። ጠንክራለች ልጅሽ" አለኝ። ፈገግ ብሎ፣ ኮርቶ ነው የነገረኝ። እኔንም ጭምር ሊያመሰግነኝ።

ያቺን ቀን አስታወስኳት። ያልኩሽንም ያደረግሁትንም። አባትሽ ያን ጊዜ ውጭ ነበር፤ የሰማው "አለቀሰች" የሚለውን ብቻ ነው። የቀረውን አንቺና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። ሻዬን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ የምትነግሪኝን ሁሉ፣ ክፍሉ ጥሩ ነው፣ ምግቡም ለምጃለሁ፣ ጓደኞችም አሉኝ የምትዪውን፣ ከልብሽ ይሁን አይሁን ማወቂያ የለኝም። ልለካውም አልፈልግም። እውነት ከሆነ ደስ ይበለኝ። ካልሆነም፣ ለእኔ ብለሽ አታስተካክዪልኝ።

ክፉ አይንካሽ የእኔ ልጅ። የሚሰማሽ ሰው አይጥፋ፤ እንደ ሬዲዮ ያለ ዝምተኛ ይግጠምሽ። የሄድሽበት ይቅናሽ፣ ባይቀናሽም ደግሞ ቤትሽ ቤትሽ ነው፤ ወንድምሽን ከነቀለሙ አስወጣዋለሁ።

እሑድ እጠብቅሻለሁ። እንደ መጣልሽ አውሪኝ። ብታለቅሺም ልጄ፣ ከእንግዲህ ስልኩን አልዘጋብሽም።

እናትሽ